ቡናና በሽታው መቼ ታረቁ? "አንድ ምርጥ ዝርያ ይበቃናል" ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ጅማ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ስለ ቡናና ስለ በሽታዎቹ ነው። የጸሐፊው ሐሳብ ባጭሩ ይሄ ነው። ቡናና በሽታዎቹ በጫካችን ለሺህ ዓመታት አብረው ስለኖሩ ተላምደዋል። አንዱ ሲጠነክር ሌላውም በዚያው ልክ ስለሚጠነክር ሚዛኑ አይዛባም። ስለዚህ ከመልኮ (ከጅማው የግብርና ምርምር ማዕከል) ከወጡት ዝርያዎች ምርጡን አንዱን ይዘን ከሊሙ እስከ ጌራ እሱኑ እንትከል። የጫካ ቡናው ዘር ጮጬ ባለው ባንክ ስለተቀመጠ ጫካው ቢመነጠርም የሚጠፋ ነገር የለም። መሃል ላይ ለማጠናከሪያ የወባ ምሳሌም ጣል አድርገዋል።

ጽሑፉ ጥሩ ተደርጎ ነው የተጻፈው። ቶሎ ይነበባል፣ ቶሎም ያሳምናል። እኔን ያሳሰበኝም እሱ ነው። ቡና ተተክሎ እስኪያፈራ ሦስት አራት ዓመት ይፈልጋል፤ ተሳስቶ የተከለ ገበሬ ስህተቱን የሚያየው ዘግይቶ ነው። እናም ነጥብ በነጥብ ልመልስላቸው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

"ለሺህ ዓመታት አብረው ስለኖሩ ተላምደዋል"

የትኛው በሽታ? ጸሐፊው ከላይ እስከ ታች "በሽታው" እያሉ ነው የሚጽፉት። ቡናችንን የሚያጠቃው ግን አንድ በሽታ ብቻ አይደለም። ለዛሬው ክርክር ሁለቱ ይበቁናል፤ የቅጠል ዋግና የፍሬ በሽታ፣ ሲቢዲ የምንለው።

ዋጉን ታውቁታላችሁ። ቅጠሉን ገልብጣችሁ ነጠብጣቡን በአውራ ጣት አሸት ብታደርጉት ብርቱካናማ ዱቄት ጣታችሁ ላይ ይቀራል። ያ ዱቄት ፈንገሱ የሚራባበት ስፖር ነው። ሲቢዲ ደግሞ ዓይኑ ያለው ያልበሰለው አረንጓዴ ፍሬ ላይ ነው። መጀመሪያ ትንሽ ጥቁር ነጥብ ትወጣለች፤ ቦታዋ ሰርጎድ ይላል። ከዚያ እየሰፋች ሄዳ ፍሬው ሙሉ በሙሉ ይጠቁራል። ወይ ይረግፋል፣ ወይ ቅርንጫፉ ላይ እንዳለ ደርቆ ይቀራል።

ስለ ዋጉ ከሆነ ጸሐፊው ብዙም አልተሳሳቱም። ዋጉ ከቡና ጋር የቆየ ትውውቅ አለው። በ1869 ሲሎን ሲደርስ የደሴቲቱን ቡና ድራሹን አጥፍቶ ገበሬውን ወደ ሻይ አዙሮታል። እኛ ጫካ ውስጥ ግን አለ፤ ቅጠል ያረግፋል፣ ምርት ይቀንሳል፤ ጫካውን ግን አያወድምም።

ሲቢዲ ሌላ ታሪክ ነው። መጀመሪያ የታየው ኬንያ ውስጥ በ1922 ነው። እኛ ጋ የታየው በ1971 ነው። የሺህ ዓመት ጎረቤት ሳይሆን የትናንት እንግዳ ነው ማለት ነው። የዋጉን ታሪክ ለሲቢዲ መስጠት የአብዬን ወደ እምዬ ነው።

ደግሞ ዋናው ነገር ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። በሽታው ገብቶ አንዳንድ ማሳ ላይ አንድ ፍሬ እንኳ ሳይተርፍ ሲቀር፣ አጠገቡ ያለ ዛፍ ምንም ሳይነካው የሚገኝበት ጊዜ ነበር። ተመራማሪዎች እነዚያን ዛፎች እየፈለጉ ዘራቸውን ሰበሰቡ። የችግኞቹን ለጋ ግንድ በፈንገሱ ስፖር እየበከሉ ፈተኑ። ችግኝ ጣቢያ ስትሄዱ የምትሰሟቸው ቁጥሮች የዚያ ዘመቻ ልጆች ናቸው። 741 እና 74110 የተመረጡት በ1974 ነው፤ 75227 ደግሞ በ1975። ዓመቱ ቁጥሩ ውስጥ አለ። 741 እና 75227 የተገኙት እዚሁ ጌራ ነው፤ 74110 ከመቱ ቢሻሪ ነው።

እንግዲህ አስቡት። በሽታው ከመጣ ገና ሦስት ዓመቱ ነው። እነዚያ ዛፎች ሲቢዲን የሚቋቋሙበትን ዘረመል (ከወላጅ የሚወረሰውን የባሕርይ መመሪያ) ከሲቢዲ ጋር ሲታገሉ አላገኙትም፤ ጊዜውም አልነበራቸውም። ድሮውኑ ውስጣቸው የነበረ ልዩነት ነው። ዳንኤል ጃንዘን የተባለው የሥነ ሕይወት ሊቅ በ1980 ባልደረቦቹን ያስጠነቀቀው ይሄንኑ ነበር። ሁለት ፍጥረታት ልክ ለልክ ገጥመው ስላየናቸው ብቻ አንዱ ሌላውን ቀርጾታል ማለት አይቻልም። ጥምር ዝግመተ ለውጥ ለማለት አንዱ በሌላው የተነሳ መለወጡ፣ ሌላውም ለዚያ ለውጥ መልስ መስጠቱ መታየት አለበት።

"አንዱ በጠነከረ ቁጥር ሌላውም በዚያው ልክ ይጠነክራል"

የጽሑፉ ምሰሶ ይሄ ነው። የተሰነጠቀውም እዚህ ጋ ነው። ጸሐፊው ዘረመልን ጭራሽ አላነሱትም። ጥንካሬው በስንት ዘረመል ነው የሚወረሰው? አንዱ ለመለወጥ ምን ያህል ቀላል ነው? ማን ቶሎ ይራባል? ግጥሚያው በየት በኩል እንደሚሄድ የሚወስኑት እነዚህ ናቸው።

ከተልባ ልጀምር። ሃሮልድ ፍሎር የተባለ አሜሪካዊ ሰሜን ዳኮታ ውስጥ ተልባንና የተልባን ዋግ ለብዙ ዓመታት አጠና። የተለየ ያደረገው ተክሉን ብቻ ሳይሆን ፈንገሱንም ማዳቀሉ ነበር። ያገኘው ነገር እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ተልባው ውስጥ ላለ ለእያንዳንዱ የመቋቋሚያ ዘረመል ዋጉ ውስጥ የሚገጥም አንድ ዘረመል አለ። በኋላ ፖርቱጋል፣ ኦይራስ ያለው የቡና ዋግ ምርምር ማዕከል ቡናም እንደዚሁ መሆኑን አሳየ። ቡና ላይ ቢያንስ ዘጠኝ ዓይነት የዋግ መቋቋሚያ ዘረመሎች ተለይተዋል። አራቱ ከአረቢካ፣ ከኛው የቡና ዓይነት፣ የመጡ ናቸው። የዋጉን ዓይነቶች ለመለየት ከሚጠቀሙባቸው የመፈተሻ ቡናዎች አንዱ ስሙ "አጋሮ" ነው። አዎ፣ የኛው አጋሮ።

ይሄ ዓይነቱ መከላከያ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳ። የመቋቋሚያ ዘረመል በር ላይ እንደቆመ ዘበኛ ነው። ሌባውን የሚለየው በኮፍያው ብቻ ነው እንበል። ኮፍያዋን ካየ ፊሽካውን ይነፋል፤ ቤቱ በሙሉ ይነቃል። ቡናው ላይም ፈንገሱ የገባባቸው ሴሎች ራሳቸውን ገድለው መንገዱን ይዘጉበታል። ታዲያ ሌባው ለመግባት ምን ያስፈልገዋል? ጡንቻ? አያስፈልገውም። ኮፍያውን ማውለቅ ብቻ ነው።

ፈንገሱ የሚያደርገውም ይሄንኑ ነው። ተክሉ የሚያውቀውን አንድ ነገር ይጥላል ወይም ይለውጣል። አንዲት የዘረመል ስህተት ልትበቃው ትችላለች። ቡናው ግን አዲስ ዘበኛ መቅጠር አለበት። ከባዶ ተነስቶ አዲስ የማወቂያ ዘረመል ማግኘት በጣም ከባድ ነው። እኩል እርምጃ የሚባለው እዚህ ላይ ያበቃል።

ቁጥሩንም እዩት። አንዲት የዋግ ነጠብጣብ ከሦስት እስከ አምስት ወር ውስጥ 300 ሺህ እስከ 400 ሺህ ስፖር ታወጣለች። አንዲት ነጠብጣብ! በአንድ ማሳ ስንት ነጠብጣብ እንዳለ ራሳችሁ ገምቱ። ከዚያ ሁሉ መሃል ኮፍያዋን የጣለች አንዲት ስፖር ብትገኝ ምን ይገርማል? ቡናው ደግሞ አንድ ትውልድ ለመተካት ዓመታት ይቆጥራል።

ብዙ ዘረመሎች እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት የሚያዋጡበት መከላከያ ግን ሌላ ነው። አንዱ ፈንገሱ እንዳይገባ ያዘገያል። ሌላው ነጠብጣቡ እንዳይሰፋ ይይዛል። ሦስተኛው የስፖሩን ብዛት ይቀንሳል። ፈንገሱ አንዱን ቢያልፍ ሌላው ይጠብቀዋል። ዛፉ ንጹሕ አይሆንም፣ በሽታው ትንሽ ትንሽ ይታይበታል። ግን በአንድ ሌሊት አይወድቅም።

ይሄ የፈንገስ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ኒውት የሚባል ሳላማንደር አለ። ቆዳው ውስጥ ቴትሮዶቶክሲን የሚባል ሰው የሚገድል መርዝ ይይዛል። ጋርተር የሚባለው እባብ ግን ይበላዋል። እባቡ መርዙን የሚቋቋመው መርዙ በሚያጠቃው የጡንቻው የሶዲየም መተላለፊያ ፕሮቲን ላይ በተደረጉ ጥቂት ለውጦች ነው። ለውጦቹ ጥቂት ናቸው፤ እያንዳንዳቸው የሚያመጡት ውጤት ግን ትልቅ ነው። ስለዚህ እባቡ ደረጃ በደረጃ አልወጣም፤ ዘለለ። ሁለቱን በየቦታው ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች በ2008 ያወጡት ውጤት ከጸሐፊው "ሚዛን" ጋር አይገጥምም። ካጠኗቸው ቦታዎች ሲሶ በሚሆኑት እባቡ ኒውቱን ጥሎት ሄዷል። እዚያ ያለው ኒውት ምንም ያህል መርዛም ቢሆን እባቡን አያስቸግረውም። በተቃራኒው ኒውቱ እባቡን ጥሎ የሄደበት ቦታ አልተገኘም። አብረው የኖሩት እነዚያው ሁለቱ እንስሳት ናቸው፤ ልዩነቱን ያመጣው የዘረመላቸው አሠራር ነው።

"ስለዚህ ምርጡን አንዱን ዝርያ ሁሉም ይትከል"

እዚህ ጋ ጸሐፊው ከራሳቸው ጋር ተጣሉ። አንዱ ሲጠነክር ሌላውም የሚጠነክር ከሆነ፣ ዛሬ የጠነከረው ዝርያ ነገ እንዴት ምርጥ ሆኖ ይቆያል? ሁለተኛው ነጥባቸው ልክ ከሆነ ሦስተኛው ይወድቃል።

ታሪኩም አያግዛቸውም። ሕንድ ውስጥ በ1911 ኬንት የሚባል ዋግ የማይነካው ቡና ተመረጠ። ገበሬው ተሻማበት። ብዙም ሳይቆይ የሚያጠቃው የዋግ ዓይነት ተነሳ። ከዚያ ተራው የቲሞር ዲቃላ ሆነ። ቲሞር ደሴት ላይ በ1927 የተገኘ፣ አረቢካና ሮቡስታ የሚባለው ሌላ የቡና ዓይነት በራሳቸው ጊዜ ተዳቅለው የወለዱት ቡና ነው። ካቲሞር የሚባሉት ዝርያዎች ሁሉ ዘበኞቻቸውን ያገኙት ከእሱ ነው። መካከለኛው አሜሪካ ላይ ብዙ ሰው ተማምኖባቸው ተከላቸው። ሆንዱራስ ውስጥ ሌምፒራ የሚባለው ዝርያ ዋግ አይነካውም ተብሎ በሰፊው ከተተከለ በኋላ 2017 ገደማ ዋግ እንደሚይዘው ታወቀ። የዋጉ ዓይነቶች ዛሬ ከ50 በላይ ደርሰዋል።

"የመልኮዎቹ ግን ሲቢዲን ይኸው ወደ ግማሽ ምዕተ ዓመት ተቋቁመው የለ?" የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። አዎ፣ ተቋቁመዋል። ምክንያቱ ግን የሲቢዲ ጉዳይ በዘረመል በኩል ከዋጉ ስለሚለይ ነው። አንደኛ፣ ሲቢዲን የመቋቋም አቅም "አለው፣ የለውም" ተብሎ አይቆረጥም። ከዛፍ ዛፍ በመጠን የሚለያይ፣ ከአንድ በላይ ዘረመል የገባበት ነገር ነው። ኬንያ ውስጥ ብቻ በተለያዩ ቡናዎች ላይ ሦስት ዘረመሎች ተለይተዋል፤ አንዱ እንዲያውም ከሁለቱም ወላጅ ካልተወረሰ አይታይም። ሁለተኛ፣ ፈንገሱ ራሱ እርስ በርሱ በጣም ይመሳሰላል። አንዱ ከሌላው ጠንከር ያለ ሊሆን ይችላል፤ እንደ ዋጉ "ይሄኛው ዓይነት ያንን ዝርያ ያጠቃል" የሚባል ጥርት ያለ ክፍፍል ግን አልታየበትም።

ያው አንድ ዛፍ ነው። ሁለት በሽታ፣ ሁለት ዓይነት ግጥሚያ። ሲቢዲን ጸጥ ያሰኘው ዝርያ ዋጉ ፊት ተራ ቡና ሊሆን ይችላል። ሲቢዲ ደጋውንና ብርዳሙን እርጥብ ቦታ ይወዳል፤ ዋጉ ዝቅና ሞቅ ያለውን። ጌራ ከፍታው ላይ ያለው ገበሬና ቆላ ወረድ ብሎ ያለው ገበሬ ጠላታቸው አንድ አይደለም። ታዲያ ከሊሙ እስከ ጌራ አንድ ዝርያ ማለት ለማን ነው? ጸሐፊው ደግሞ ያን "ምርጥ" የሚሉትን ዝርያ በቁጥር አልነገሩንም። እኔ ሦስቴ አንብቤ አላገኘሁትም።

አንድ ነገር ግን አልነፍጋቸውም። የተመረጡት ዝርያዎች ምርታቸው ጥሩ ነው። 74110ን የተከለ ሰው ለምን እንደወደደው ይገባኛል፤ ቁመቱ አጠር፣ ፍሬው ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ገበሬውን በድሮው ቡና ተደህይ የሚል ሰው የለም። የምለው ሌላ ነው። መልኮ የተለያዩ ዝርያዎችን አውጥቶ ሳለ አንዱን ብቻ መዝራት ሥራውን ገደል መክተት ነው። በአንድ ማሳ ሦስት አራት ዓይነት አደባልቆ መትከል ይቻላል። ኮፍያዋን የጣለች ስፖር አንዱን ዛፍ ብታጠቃ አጠገቡ ያለው ያቆማታል።

የወባው ምሳሌ

ጸሐፊው "የሰው ልጅ ቫይቫክስ ወባን በአንድ ዘረመል አሸንፎ ነገሩን ዘግቷል" ይላሉ። ዳፊ ስለሚባለው ነገር ነው። ቫይቫክስ ወደ ቀይ የደም ሴል የሚገባው ዳፊ የሚባለውን ፕሮቲን ይዞ ነው። ብዙ አፍሪካውያን ዘረመላቸው ላይ ባለች የአንዲት ፊደል ለውጥ ምክንያት ይሄ ፕሮቲን ቀይ ሴላቸው ላይ የለም። "በሩ ስለሌለ ቫይቫክስ አይገባም" ተብሎ ለረጅም ጊዜ ተጽፏል፣ ተስተምሯልም።

ምሳሌውን ጅማ ላይ ሆኖ ማንሳት ግን ደፋርነት ነው። በኢትዮጵያ ዳፊ ያላቸውም የሌላቸውም ሰዎች ተደባልቀው ይኖራሉ። ጅማን ጨምሮ በተደረጉ ጥናቶች ዳፊ የሌላቸው ሰዎች ደም ውስጥ ቫይቫክስ ተገኝቷል። አብዛኛውን ጊዜ ቁጥሩ አነስተኛ ነው፤ ግን አለ። ነገሩ አልተዘጋም። በአንድ ዘረመል የቆመ መከላከያ ዋጉ ላይ የደረሰበት ነገር እዚህም እየታየ ነው። ምሳሌው የመጣው ጸሐፊውን ሊደግፍ ነበር፤ ለእኔ ነው የመሰከረው።

"ዘሩ ጮጬ ባንክ አለ፤ ጫካው ቢቀርስ?"

ጮጬን ላላየ ሰው ባንክ ሲባል ፍሪጅ ውስጥ የተደረደረ ብልቃጥ ሊመስለው ይችላል። እንደሱ አይደለም። የቡና ፍሬ እንደ ስንዴ ደርቆ፣ ቀዝቅዞ ለብዙ ዘመን አይቀመጥም፤ መብቀል ያቆማል። ስለዚህ የጮጬው ባንክ ማሳ ነው። ከየቦታው የመጡ ቡናዎች በረድፍ ቆመዋል፣ ይታረማሉ፣ ይቆረጣሉ። ትልቅ ሀብት ነው። አንድም ቃል አልናገርበትም።

ግን የባንኩ ሥራ ዛፉን እንዳለ ማቆየት ነው። ጫካ ውስጥ የሚሆነው ሌላ ነው። እዚያ ፍሬ ወድቆ ራሱ ይበቅላል። አረቢካ በአብዛኛው ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ቢሆንም ንብ ከሌላ ዛፍ ጽጌ ብናኝ ታመጣለች፤ አዲስ የዘረመል ቅንጅት ይፈጠራል። ዋጉም እዚያው አለ። ደካማው ችግኝ ይሞታል፣ ሌላው ይተርፋል። ግጥሚያው ራሱ በሕይወት ያለው ጫካ ውስጥ ነው። ዛፉን አውጥታችሁ በረድፍ ስታቆሙት የዛሬውን ዘረመል ትይዛላችሁ፤ ፈንገሱ ግን ውጭ መለወጡን አያቆምም።

ጫካው ውስጥ ሦስተኛ ተጫዋችም አለ፤ ጸሐፊው ጭራሽ አላዩትም። በጎማና በጌራ የቡና ጫካዎች የዋጉን ነጠብጣብ ጠጋ ብላችሁ ብታዩ አንዳንዱ ብርቱካናማ አይደለም፤ ነጭ ሻጋታ ሸፍኖታል። ያ ሻጋታ ቡናውን ሳይሆን ዋጉን የሚበላ ሌላ ፈንገስ ነው። የጫካ ዋግ ልኩን ይዞ የሚኖረው በቡናው ዘረመል ብቻ ላይሆን ይችላል። ይሄንን በረድፍ ተተክሎ የሚኖር ባንክ ውስጥ ማስቀመጥ አይቻልም።

ደግሞ አረቢካ ዓለም ላይ ካሉ ሰብሎች በዘረመል ልዩነቱ ጠባብ ከሚባሉት አንዱ ነው። ሮቡስታና ዩጂኒዮይድስ የሚባሉ ሁለት የቡና ዓይነቶች ተዳቅለው ተገኘ። ወደ የመንና ከዚያ ወደ ዓለም የወጣው ደግሞ ከዚያ ጠባብ ነገር ላይ ትንሽ ቁራጭ ነው። የቀረው እዚህ ነው፤ በደቡብ ምዕራብ ጫካዎች። ሲቢዲ በመጣ ጊዜ ያዳኑን ዛፎች የተገኙት ከዚያ ልዩነት ውስጥ ነበር። በ1971 ማንም ሲቢዲ ይመጣል ብሎ አላዘጋጃቸውም። በዚያን ጊዜ ከሊሙ እስከ ጌራ አንድ ዝርያ ተተክሎ ቢሆን ኖሮ፣ ከየትኛው ጫካ ነበር 741ን የምናመጣው?

ጸሐፊው መልስ ከጻፉ ሁለት ነገር እጠይቃቸዋለሁ። "ምርጡ" የሚሉት ዝርያ ቁጥሩ ስንት ነው? የሚቋቋመውስ ሲቢዲን ነው፣ ዋጉን ነው ወይስ ሁለቱንም? በሚቀጥለው ክረምት ችግኝ የምትወስዱ ገበሬዎችም ችግኝ ጣቢያው በር ላይ ይሄንኑ ሁለተኛ ጥያቄ ጠይቁ። ሲቢዲን ነው ካሏችሁና ማሳችሁ ዝቅ ያለ ቦታ ከሆነ፣ ሌላ ቁጥር ጨምሩበት።